ዘንጉ ያልተበላበት ቦታ

ጥያቄ አበዛለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ በጥያቄ ሰው ትገድላለች» ትል ነበር። አባቴ ካህን ነው፤ ቅኔ ቤት ስላደገ ጥያቄ አይጠላም፣ ስለ ብረት ስጠይቀው ግን ግራ ይገባዋል። የቄስ ልጅ ሆኜ ቱታ ለብሼ፣ እጄ ግሪስ ጠጥቶ ስገባ ጎረቤቶቻችን «ምነው፣ ሌላ ሙያ ጠፍቶ ነው?» ይሉኝ ነበር። ጠፍቶ አይደለም። ብረት እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወድቅ አይቼ ልቤ እዚያው ስለቀረ ነው።

ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የተመደብኩት ጎንደር፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ቶርኖ ቤት ነው። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው፤ የወፍጮ ዘንግ፣ የባጃጅ ዕቃ፣ የውሃ ፓምፕ ቁራጭ፣ ገበያ ተፈልጎ የታጣ ነገር ሁሉ እዚያ ይሠራል። ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ስድሳን ያለፉ፣ ወሬ የማይወዱ፣ ሲቆጡ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበሩ። ልምምዴ ሦስት ወር ነበር። ሲያልቅ «ነገ አትመጪም እንዴ?» አሉኝ። መጣሁ፤ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

ለምን እንደፈለጉኝ የገባኝ ቆይቶ ነው። ካሊፐሩን፣ ማለትም የብረቱን ውፍረት የምንለካበትን መሣሪያ፣ ብረቱ ላይ ያሳርፉና «እስቲ አንብቢ» ይሉኛል። እያስተማሩኝ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እንደልማዳቸው «አንብቢ» አሉኝ፤ ባትሪው ሞቶ ኖሮ የካሊፐሩ መስኮት ላይ አንድም ቁጥር የለም። ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ግራውም ጀምሮታል። «ባትሪ አልቋል» አልኩና ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብዬ በኋላ ስጨቀጭቃቸው «ዓይኔን ለቢላዋ? ወግጂ!» ብለው አባረሩኝ። እኔ ከሌለሁ ቶርኖው እንደሚቆም ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ቶርኖው ይተኛል። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ባትሪ ስላለው፣ ጥግ ይዤ ከቪዲዮ እያየሁ በኮምፒውተር ዕቃ መሳል ጀመርኩ። ምን ልበላችሁ! ዘንጉን እንደፈለግኩ አዞረዋለሁ፣ ብረት ሳልቆርጥ ሆዱን ከፍቼ አያለሁ። ጋሼን ጠርቼ ሳሳያቸው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው «ሥዕል እህል አይፈጭም፤ ሙያ በልብ ነው» አሉኝ። እኔም ነገረኛ ነኝ፣ «በልብዎ ያለውን ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

እውነትም አይነግሩኝም ነበር። ከኮሶዬ አንድ ባለወፍጮ የተሰበረ ዘንግ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጥቶ «አያ፣ ሸጋ አድርገህ ሥራልኝ፤ ሰዉ እህሉን ይዞ ቆሟል» አላቸው። ጋሼ ዘንጉን ዳበሱት፣ አገላበጡት፣ ከዚያ የምናወጣውን ቁጥር ነገሩኝ። እኔ ከለካሁት ጋር አልገጠመም። ዘንጉ ተሠርቶ ሄደ፣ ወፍጮውም ዞረ። እንዴት አወቁ? ቀኑን ሙሉ ብጠይቃቸው «ትደርሺበታለሽ» ብቻ አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በቴሌግራም ማስታወቂያ አወጣ። በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን መለዋወጫ ያመርታል፤ የመጣለትን ዕቃ ለክቶ የሚስል ሰው ይፈልጋል። አመለከትኩ። ለፈተና አንድ ዘንግ በአውቶቡስ ላኩልኝ፤ ሥዕሉን በሦስት ቀን መልሺ አሉኝ። ለጋሼ ስነግራቸው «ካለፍሽ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። «እሄዳለሁ» አልኩ። «ይቅናሽ» አሉ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ቶርኖው አዙረው ነበር።

ሁለት ቀን ለካሁ፣ ሳልኩ። በመጀመሪያው ቀን ጋሼ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፉ ዘንጉን አንስተው ዳበሱት፣ መልሰው አስቀመጡትና ወደ ውጭ ወጡ። ተናደድኩ። ሁለት ዓመት ዓይናቸው ሆኜ «በርቺ» እንኳ ይከልክሉኝ? አዘንኩባቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሥዕሉን ልልክ ስል ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ኩሽኔታው የሚገባበት ቦታ ስንት ነው ያልሽው?»

«አርባ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ሁለት ሚሊሜትር» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ቁጥሩ በረቀቀ መጠን እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

«ለመሆኑ በአርባ ዘጠኝ ነጥብ ምናምን የተሠራ ኩሽኔታ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ክው አልኩ። ኩሽኔታ ዘንጉ ገብቶበት የሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት ነው፤ ለዚህ ዓይነት ዘንግ የሚገዛው አርባ አምስት፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ አምስት እየተባለ ነው። ይህን እኮ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ!

«የለካሽው ዘንጉን አይደለም፣ መበላቱን ነው» አሉኝ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያ ማሽንሽ ይህን ሥዕል ይዞ መቶ ዘንግ ቢቆርጥ፣ መቶውም ያረጀ ሆኖ ይወለዳል።»

ከዚያ አውራ ጣቴን ያዙና ጥፍሬን በዘንጉ ላይ ጎተቱት። ለስላሳ ነበር፣ ለስላሳ ነበር፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ጥፍሬ ቀጭ ብሎ ተያዘ። ዝገት የሸፈናት እንደ ክር የቀጠነች ጠርዝ አለች፤ ኩሽኔታው አልደረሰባትም፣ አልበላትም።

«ያልተበላውን ፈልጊ» አሉኝ። «ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ተደብቆ አይጠፋም።»

ዝገቱን ጠርጌ ለካኋት። ሃምሳ! ብቻዬን እልል አልኩ። ከኮሶዬው ዘንግ ጀምሮ «እንዴት አወቁ» እያልኩ ስጠይቅ የነበረው በአንድ ጥፍር ተመለሰልኝ። ሥዕሉን አርሜ ላክሁ። በሳምንቱ ከድርጅቱ ደወሉልኝ፤ የተበላ ዘንግ የላኩት ሆን ብለው ነበር፣ አለፍሽ አሉኝ።

ይኸው ዛሬ ውዬ የማድረው ከሁለት ስክሪን ፊት ነው። ሰው ከየአገሩ የተሰበረ ዕቃውን ፎቶ ያነሳና ይልክልኛል፣ አንዳንዱን እንዲያውም በቪዲዮ እየደወልኩ፣ በጥፍሩ ጎትቶ የተያዘበትን ቦታ እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ልጅቷ አብዳለች ሳይሉ አይቀሩም። ጋሼ እኔ ከሄድኩ በኋላ ጥቂት ወራት እንደምንም ሠሩ፣ ከዚያ ቶርኖውን ሸጡት። ይህን ስሰማ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ፤ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ልሰናበታቸው የሄድኩ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። እኔ ሳልጠይቅ የት እሄዳለሁ!

«ጋሼ፣ ዘንጉ የተበላ መሆኑን መጀመሪያ ሲነኩት ነው ያወቁት፣ አይደል?»

«እንደነካሁት።»

«ዝም ቢሉ እኮ እወድቅ ነበር። እዚሁ እቀርልዎት ነበር።»

እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። የማየው ዓይናቸውን ነበር፤ ወዴት እንደሚያዩ ግን አላወቅኩም።

«ሁለት ቀን ሞከርኩ» አሉኝ። «አልቻልኩም።»