የዳሰስኩት ሆድ

ያሰሩን ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ነበር። ቡናው ወጥቶ እኛ ሴቶቹ ገባንበት፤ የጀንፈሉ ገለባ አቧራ ግን አብሮን ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ያስለናል። የሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ነበርኩ። ሴቶቹ «ዶክተሯ» ይሉኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከየቡ ከተማ የመጣች ቡና ነጋዴ አብራን ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። ከባሏ ጋር ባንድ ቀን ነው የተያዙት፤ እሱ ከግድግዳው ማዶ ከወንዶቹ ጋር ነው። በታሰሩ በዓመት ከመንፈቁ ሆዷ መግፋት ጀመረ። «ከዘበኞቹ ነው» ተባለ። ሴቶቹም «ዶክተሯ ትዳስሳት» አሉ።

ዳሰስኳት። እዚህም እዚያም ጠጠር ያለ ነገር እጄን ነካው።

«አበባዬ በየወሩ ይመጣል እኮ፣ ወላሂ!» አለችኝ።

ጨርቋን ስታጥብ በዓይኔ አይቻለሁ። «በእርግዝናም ይደማል፣ እትዬ» አልኳት፣ ከደብተሬ እንደማነብ ሁሉ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሬ «ይኼ የሕፃኑ ክርን ነው» አልኩ።

ከጋራ ትሪያችን አስነሷት፤ ብቻዋን ትበላ ጀመር። ወሬው ግድግዳውን ተሻገረ። ባሏም «ፈትቻታለሁ» ብሎ ላከ።

ቆይቶ የሆዷ ሕመም ሲጠናባት ሆስፒታል ወስደው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። በሦስተኛው ሳምንት ስትመለስ ወረቀቷን ሰጠችኝ። «አንብቢው፤ ለሁሉም» አለችኝ። ፅንስ የለም። የሆዷ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተኑ የጡንቻ እባጮች ናቸው፤ ካንሰር አይደሉም፤ እምብዛም የማይታይ ሕመም ነው ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ተሳስቻለሁ» አልኩ።

ለባሏም በሲጋራ ወረቀት ጻፍኩለት። ወረቀቱ ሳይነበብ ተመለሰ። ሰውየውን ከዚያ በፊት በነበረው ሰኞ ከጅማ ወስደውት ነበር፤ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ምሳ ሲቀርብ ሴቶቹ ከትሪው ዳር ቦታ ለቀቁላት። እኔ ከሃፍረቴ የተነሳ ከግድግዳው ተጣብቄ ቀረሁ።

«ነይ» አለችኝ፣ ጠጋ እያለችልኝ። «ብቻን መብላትን እኔ አውቀዋለሁ።»

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሴትየዋ የምትለውን ሳልሰማ የማንንም ሆድ ዳስሼ አላውቅም። በሰፈራችን ጎበዝ ነርስ ነበረች ይሉኛል፤ ሲሉኝ አንገቴን እደፋለሁ። እትዬ ምላ ነግራኝ ነበር፤ ባሏ ግን እኔን አምኖ ሄደ።