የወይዘሮ ሙሉ ድንኳን

ኩማ በሌብነት ዘመኑ በር ሰብሮ አያውቅም። መስበር የሰነፍ ሥራ ነው ይል ነበር። እሱ ሲሰርቅ ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ፣ «ግባ፣ ምን ይቅረብልህ?» ብሎት ነው። አንዴማ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሲወጣ ዘበኛው በሩን ይዞለታል፤ መንገድ ላይ እንዳይሰበርበትም መክሮታል።

ያ ሁሉ ቀርቷል። ከሰባት ዓመት በፊት በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ከእንግዲህ የሰው ዕቃ አልነካም ብሎ መሰከረ። ታቢታም ያገባችው ያንን ሰምታ ነው። አንዲት ማንኪያ እንኳ ከሰረቀ ሻንጣዋን ይዛ ይርጋለም፣ ወንድሟ ቤት እንደምትገባ ነግራዋለች፤ ያለችውን ደግሞ ታደርጋለች። ስለዚህ ኩማ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ እያጸዳ፣ ደንበኛ እያሳቀ፣ ማታ ማታ እጁን በሎሚ እያሸ ይኖር ነበር።

አንድ የነሐሴ ቀን ንጋት ላይ ጎረቤቱ ወይዘሮ ሙሉ ሞቱ። ኩማ በወጣትነቱ ፖሊስ ሲያሳድደው አልጋቸው ሥር ደብቀው፣ በማርያም ምለው ዋሽተው፣ ፖሊሱ ሲሄድ በጥፊ አጩለውት፣ ከዚያ ሽሮ ያበሉት እሳቸው ናቸው።

ልጃቸው ምሕረት የእድሩን ድንኳን ልትጠይቅ ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰች። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሞገስ ድንኳኑን ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ በድብቅ አውሰውት፣ ወይዘሮ ሙሉ በስብሰባ ላይ አጋልጠዋቸው ነበር። አቶ ሞገስም «ሥነ ሥርዓት በማጉደል» ብለው ከአባልነት ሰረዟቸው። አሁን ደግሞ ለተሰረዘ ሰው ድንኳን የለም አሉ። በሬሳ ላይ ቂም! የኩማ ደም ፈላ።

ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ሊቀመጥ ነው። ኩማ የታቢታን ሻንጣ አሰበ። ከዚያ ጥፊውንና ሽሮውን አሰበ። አንድ ነገር ያውቃል፤ ለቀስተኛ የተቀመጠበትን ድንኳን ከሠልስት በፊት የሚነቅል ሰው በዚያ ሰፈር አልተፈጠረም። ድንኳኑ አንዴ ይቁም እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው።

ከአሞራ ገደል የከረመ የዓሣ አንጀት በባልዲ አምጥቶ በእድሩ መጋዘን መስኮት ወረወረና አቶ ሞገስ ቤት ሄደ። ኮፍያውን አውልቆ፣ መጋዘኑ ውስጥ አይጥ ሳይሞት አልቀረም፣ ድንኳኑ በአይጥ ተበልቶ ከሆነ አባላቱ እርስዎን ነው የሚጠይቁት አላቸው። ኩማ ንስሐ ከገባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አቶ ሞገስ አልጠረጠሩም። በፒጃማ ሮጠው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሽታው ወደ ኋላ መለሳቸው።

«ዝናቡ ጋብ ሲል ፀሐይ ካላየ አይሆንም፣ ጋሽ ሞገስ። ሰፊ ቦታ ወስጄ ልዘርጋልዎት?»

«ውሰደው፣ ውሰደው» አሉ አፍንጫቸውን ይዘው። በሌላው እጃቸው የድንኳኑን ጫፍ አንስተው ጋሪ ላይ አብረው ጫኑ። ብረቶቹንና አግዳሚ ወንበሮቹን «እነሱም ይናፈሱ» ብለው የጨመሩት ራሳቸው ናቸው።

ሰፊው ቦታ የወይዘሮ ሙሉ ደጃፍ ነበር። አቶ ሞገስ ወሬ ሰምተው ሲደርሱ ድንኳኑ ቆሟል፤ የእድሩ አባላት ከነነጠላቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት ተነስተው፣ ቂም ትተው ድንኳን ስለላኩ እግዜር ይስጥልን አሏቸው። አቶ ሞገስ ዙሪያውን አይተው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኋላ ከሁሉ በላይ ጮኸው ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ፤ ለምን እንዳለቀሱ ፈጣሪ ይወቀው።

ታቢታ ግን የድንኳኑን ሸራ አሸተተች፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። ኩማን ጥግ ወስዳ ጠየቀችው። ጋሽ ሞገስ በገዛ እጃቸው ጫኑልኝ ብሎ ሊያልፍ ሞከረ፤ ዓይን ዓይኑን ስታየው ሁሉንም ዘረገፈ።

«እሁድ ጉባኤ ፊት ትናገራለህ» አለችው። ማታ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዳ አልጋው ጫፍ አስቀመጠችው።

ከሠልስቱ በኋላ ኩማ ድንኳኑን አጥቦ መለሰ። እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሞ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ፓስተሩ ንስሐ ገብቶ እንደሆነ ጠየቁት።

«ስለ ቴሌቪዥኑ ገብቻለሁ» አለ። «ስለ ድንኳኑ ግን ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።»

ከሴቶቹ ወንበር በኩል አንድ «አሜን» ተሰማ። የታቢታ ድምፅ ነበር።