የጋሽ ተክሉ ሱባሩ

ባለፈው ሐምሌ፣ ሮቤ ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ፊት ለፊት አንድ አሮጌ ሚኒባስ ቆመና ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ለቀቀ። ሾፌሩ በጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍተው የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ሽታውም መንገዱን ተሻግሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። የዛገ ብረት፣ የጋለ ላስቲክ፣ ትንሽ የተቃጠለ ዘይት። አንድ ወጣት የልደት ሰርተፍኬቱን ኮፒ እንዳደርግለት ይጠብቃል፤ እኔ የማሽኑን ክዳን ከፍቼ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። "አይ፣ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኩት። አልዋሸሁትም። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ጋሽ ተክሉ ይመጣሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መንገድ ዳር የፈላ መኪና ባየሁ ቁጥር ይመጡብኛል። አንድ ቀን እንኳን ቀርተውብኝ አያውቁም።

ያደግኩት ጎባ ነው። ጋሽ ተክሉ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ግቢያችንን ከግቢያቸው የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ሲሆን መሃሉ ላይ መተላለፊያ የምትሆን ትንሽ በር ነበረችው። የሚሠሩት መዝገብ ቤት ነበር። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሲያገላብጡ ይውሉና አመሻሹ ላይ ቤታቸው ሲደርሱ ኮታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ሰማያዊ ቱታቸውን አጥልቀው፣ መኪናቸው ሥር ይገባሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ራት አቅርበው "ተክሉ! ኧረ ተክሉ!" እያሉ ሲጣሩ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። እሳቸው እግራቸው ብቻ እየታየ "መጣሁ፣ አንድ ቡሎን ናት የቀረችኝ" ይላሉ። የማታልቅ ቡሎን!

መኪናዋ ሱባሩ ስቴሽን ነበረች፤ አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ በጨረታ የገዟት። "ተክሉ፣ በቅሎ ይሻልህ ነበር" ብሎ ያልቀለደባቸው የጎባ ሰው የለም። የሮቤ መካኒኮች ሊነኳት አልፈለጉም። የብዙው መኪና ሞተር ቆሞ ይሠራል፤ የሷ ተኝቶ ነው፣ ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ይመላለሳሉ። "ጋሼ፣ ይቺ የተኛች ናት፤ የቆመች ሲያመጡ እንሠራልዎታለን" ብለው ሸኟቸው። እሳቸውም እልህ ያዛቸውና በመዝገበ ቃላት እየታገሉ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብበው ራሳቸው ሐኪሟ ሆኑ። የላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው "እሺ እመቤቴ፣ የት ላይ ነው የሚያምሽ?" ይሏታል። ካንዴላዋን ነቅለው ቀለሟን ያያሉ፣ ያሸታሉ። የሪራን መንገድ ድንጋይ እንድታልፍ ከፍ አደረጓት፤ ወንዝ ስትሻገር ውሃ እንዳትጠጣ አየር መሳቢያዋን በፕላስቲክ ቧንቧ ወደ ላይ አወጡላት። የአስቤዛ ቀን እኛንም ጎረቤቱንም ጭነው ገበያ ሲሄዱ ልባቸው ውስጥ ንጉሥ ነበሩ።

እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። መንካት ክልክል ነው። እጄን ሰደድ ባደረግኩ ቁጥር ከመኪናው ሥር ሆነው እንዴት እንደሚያዩኝ እንጃ፣ "መሲ፣ በዓይንሽ ብቻ!" ይሉኛል። ምነው ያን ጊዜ በሰማኋቸው!

ከጎባ ሪራ ለመሄድ የሳነቴን ደጋ ሜዳ ማቋረጥ ግድ ነው። ሳነቴ ላይ ከጅባራና ከነፋስ በቀር ምንም የለም፤ ብርዱ ሞተር እንኳን በወጉ አያስሞቅም። ስለዚህ የኛ አገር ሾፌር ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን ያስገባል፣ ነፋሱን እንዲከልልለት። ሜዳውን ጨርሶ ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ሲጀምር ወርዶ ካርቶኑን ያወጣል። ረስቶት ከወረደ ምንም አይሰማውም። ጉዱ ሲመለስ ነው፤ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ይታፈንና ይፈላል። ጋሽ ተክሉ በዚያ ዓመት መውጣት መውረዱ ሰልችቷቸው ከቆርቆሮ መዝጊያ ሠሩ፤ ወንበራቸው ላይ ሆነው በብስክሌት ፍሬን ገመድ የሚከፍቱትና የሚዘጉት። ከዚያ በኋላ ካርቶን አላስፈለጋቸውም። ይህን ለትልቁ ሰው ሁሉ አስረድተዋል። ለእኔ ለአሥር ዓመቷ ግን ማን ያስረዳ? ቆርቆሮው ለጌጥ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ማር ነጋዴ ነበር። በኅዳር ሪራ ማር ሊገዛ ሄዶ ሳለ አንድ ቀን ጠዋት የጭነት መኪና ረዳት "ሆዱን አሞት መቀመጥ አልቻለም፣ ድረሱለት" የሚል መልእክት አመጣ። እማዬ ፀጉሯን እንኳን ሳትሸፍን በትንሿ በር ሮጠች። ጋሽ ተክሉ ወደ ሥራ ሊወጡ ኮታቸውን ለብሰው ነበር። "አይዞሽ ዘነበች፣ ሳይመሽ ጎባ ሆስፒታል አደርሰዋለሁ" አሏት። ኮፈኑን ከፍተው ውሃ ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ? ያቺ ዶሮ እኔ ነኝ። ካርቶን ሲያስገቡ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ዛሬ በድንጋጤ ረሱ አልኩ። ወደ ቤት በርሬ ደብተሮቼን የማስቀምጥበትን የሳሙና ካርቶን ዘረገፍኩና አንዱን ጎኑን ቀደድኩ። ስሜ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል፣ መሠረት፣ ከነአባቴ ስም። በቆርቆሮውና በራዲያተሩ መካከል ሰደድኩት፤ ጥልቅ ብሎ ገባ። ጋሽ ተክሉ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ፤ እማዬ ክንዳቸውን ይዛ እያለቀሰች ውሃውን ጨመሩ፣ ኮፈኑን ደፉ፣ ሄዱ። መኪናዋ አይበርዳትም፣ አባዬ ቶሎ ይመጣል ብዬ ደስ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሲመለሱ ራሳቸው አይተው "ጎበዝ!" እንዲሉኝ ነው።

አባዬ በማግስቱ እንጨት በሚያመላልስ መኪና ላይ ተጭኖ መጣ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ መንገድ ላይ ሞቷል።

ከሪራ አብሯቸው የተሳፈረው ከድር የሚባል የማር ደንበኛው ነበር። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የሆነውን ነገረን። "ዳገቱን ጀምረን ግማሽ ሳንደርስ ፈላች። ቆርቆሮው ክፍት ነው፣ እኔ አይቻለሁ። የሙቀቱ ጌጅ ድሮም አይሠራም። ኦቦ ተክሉ ወርዶ ከፈተ፣ ካርቶን አወጣ። አየው፣ አየው። ከዚያ ክብሪት ስጠኝ አለኝ። እዚያው አቃጠለው። ወላሂ አበደ ነው ያልኩት! ሰው እየሞተ ካርቶን ያቃጥላል?" የሞተሩ ጓርኒሲዮን፣ ውሃውን ከዘይቱ የሚለየው ስስ ሽፋን፣ ነዶ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ነበርና መኪናዋ አልተነሳችም። ሌላ መኪና እስኪያልፍ ሲጠብቁ አባዬ አለቀ።

የአባዬ ወንድም ብድግ አለ። "ካርቶኑን ማን አስገባው?" አለ። ጋሽ ተክሉ ከወንዶቹ መሃል ተነሱ፤ ኮታቸው አሁንም በዘይት እንደተነከረ ነው። "እኔ ነኝ ያስገባሁት። ማውጣቱን ረሳሁት። ሌላ ምክንያት የለም" አሉ። ሲናገሩ አንድ ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያላጠናን ልጅ አስተማሪው አውቆ ሳይጠይቀው ሲያልፍ እንደሚያየው ዓይነት ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። "እኔ ነኝ" ልል ነበር። ፈራሁ። ይኸው ነው፣ ሌላ ሰበብ አላበጅለትም፤ ፈራሁ።

በአርባው ዕለት ሦስት ሽማግሌ አስከትለው፣ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ግቢያችን ገቡ። ካርቶን የረሳ ሰው አይደለም ድንጋይ የሚሸከም፤ ነፍስ ያጠፋ ነው። "ዘነበች፣ ስለ እመቤታችን ብለሽ ማሪኝ" አሉ። እኔ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ሆኜ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲጫኗት "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። በማግስቱ ትንሿን በር በሚስማር አስመታቻት።

ጋሽ ተክሉ መኪናዋን አስጎትተው አመጧት፣ ፈቱና አደሷት። ግን ከዚያ ወዲያ ከግቢ አላወጧትም። አዲስ ጌጅ ገጠሙላት፤ አላስተማመናቸውም መሰለኝ ሌላ ደገሙ። ከዚያ የቤት በር ደወል አምጥተው ውሃው ሲግል እንዲጮህ አድርገው ከሞተሩ ጋር አገናኙት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ያስነሱና ኮፈኑን ከፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። ያ ወፍራም፣ ዱብ ዱብ የሚል ድምጿ ይመጣል፤ ይሞቃል፣ ይሞቃል፣ ደወሉ ይጮሃል። ያጠፏታል። ዝም ይላል። ሰዉ "ተክሉ ለየለት" አለ። እማዬ ድምጹን ስትሰማ መስኮቱን ትዘጋለች። እኔ ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ፤ ደወሉ ግን በትራስም ይገባል። አንዳንዴ ቤቴ ውስጥ፣ ቅዳሜ፣ ዛሬም ይጮህብኛል።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ገበያ መንገድ ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸው። "ጋሼ፣ ያ ካርቶን..." አልኩ። አላስጨረሱኝም። "የምን ካርቶን? ሂጂ፣ ትምህርትሽን ተማሪ" አሉና ጥለውኝ አለፉ። ሆድ ይፍጀው ይላሉ። የእኔ ሆድ ግን ፈጅቶ አልጨረሰውም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አረፉ። እማዬ ለቅሶ አልደረሰችም። እኔ ሄጄ አምርሬ ሳለቅስ ሴቶቹ "ደግ ልጅ! የአባቷን ገዳይ እንኳን ታለቅሳለች" ሲሉ ሰማሁ። በዚያች ሰዓት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው የተውልኝን ያኔ ነው ቆጥሬ የጨረስኩት፤ "አባቷን የፈጀች" ሳልባል አደግኩ፣ ተማርኩ፣ ተዳርኩ፣ ወለድኩ። ያን ስም ተቀብለው መቃብር ይዘውት ወረዱ።

ሐምሌ ላይ ሚኒባሱ የፈላ ቀን ሱቄን ዘግቼ ጎባ ሄድኩ። እማዬ ጎመን ትከትፍ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"አሥር ዓመትሽ ነበር" አለች። "ይቅር ስለው ፊቱን እንኳን አላየሁትም" አለች። እንባዋን ጠረገች። "አስናቀች ታውቃለች?"

"እንጃ።"

"እንግዲያው ተነሺ።"

በዋናው መንገድ ዞረን ሄድን። እትዬ አስናቀች በሩን ከፍተው እማዬን ሲያዩ ደነገጡ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። ተቀመጡ ቢሉን አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው። ስሜ ካርቶኑ ላይ እንደነበር፣ ለምን እንዳቃጠሉት ሁሉ።

"ለእኔም አልነገረኝም" አሉ። ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነበር። "በተጣላን ቁጥር 'አንተ ሰው በላ' እለው ነበር። በተጣላን ቁጥር! አንድ ቀን አልመለሰልኝም። ሊሞት ሰሞን 'አስናቀች፣ አሁንም እንደዚያ ነው የምታስቢኝ?' አለኝ። ዝም አልኩት።"

እማዬ እጃቸውን ልትይዝ ስትዘረጋ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ሂዱልኝ" አሉ። "ተቆጥቼ አይደለም። ከሱ ጋር ጉዳይ አለኝ።"

ወጣን፤ ከኋላችን በሩ ተዘጋ። እማዬ አጥሩ ጥግ ስትደርስ ቆመች። ከውስጥ እትዬ አስናቀች "ተክሉ" ሲሉ ሰማን። ትንሽ ቆዩና፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጮክ ብለው "ኧረ ተክሉ" አሉ።