የኢርማ ምድጃ መረብ

ታይስቶ ራንታላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በካናዳዋ ተንደር ቤይ ከተማ ቤት የሚያሞቁ የጋዝ ምድጃዎችን ሲጠግን የኖረ ወንደላጤ ነው። ቀርፋፋ ነው ብለው የሚያሙት ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ምድጃውን አጥፍቶ መቀመጥ ነው። የምድጃው የፊት መስታወት እስኪበርድ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ባሏ የሞተባት ኢርማም ከሐሜተኞቹ አንዷ ነበረች።

በምስጋና በዓል ዋዜማማ ጭራሽ አላስቀመጠችውም። በማግስቱ ልጇ ካሪን ድክ ድክ ማለት የጀመረውን ሕፃን ልጅዋን ኤሊን ይዛ ከዊኒፔግ ትመጣለች።

«እሳቱ ከጠፋ ሩብ ሰዓት ሆነው እኮ! ምን ትጠብቃለህ?»

«መስታወቱን፣ እትዬ ኢርማ።»

«ምን አለህ ደግሞ?»

«ገና ነኝ ነው የሚለው። እስከዚያ ከዚህ ፑላ ይጨምሩልኝ።»

ሄል የገባበትን ዳቦ እያጉረመረመች ቆረሰችለት።

መስታወቱ ሲበርድ መቆለፊያዎቹን ፈቶ አወጣውና ፎጣ ላይ አስተኛው። ነጭ ጉም ለብሷል።

«በምን ነበር የሚወለውሉት?»

«በመስኮት ማጽጃ ነዋ!»

«አሞኒያ ያለበት? እሱ እኮ ይሄን መስታወት ይበላዋል።»

በራሱ ማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ወለወለው፤ ስንጥቅ እንዳይኖር ወደ ብርሃን አዙሮ አየው፤ የጠርዙን ማሸጊያ ገመድ በጣቱ ዳሰሰ። መልሶ ገጥሞ ከቆለፈ በኋላ ዞር ዞር አለ።

«ከመስታወቱ ፊት የሚሰቀለው የብረት መረብስ?»

ኢርማ አንገቷን ደፋች። «ሐይቁ ዳር፣ ካምፑ፣ በጋ የማሳልፍበት ጎጆዬ ውስጥ ነው። እዚህ እሳቱን ይጋርድብኛል፤ ዓሣ ዘርግቶ በጭስ ለማብሰል ግን እንዴት ያለ መሰለህ!»

ታይስቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ጋዙን ዘጋው።

«ምን ነካህ? ነገ እንግዳ አለብኝ፣ ሳሎኑ በረዶ ነው!»

«ኤሊ ስንት ወሩ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ሲወድቅ ምን ይይዛል?»

ያገኘውን፣ ልትል ነበር። ዓይኗ መስታወቱ ላይ አረፈ። ያ መስታወት እሳቱ ሲነድ ምን ያህል እንደሚግል ታውቃለች።

«መረቡን ሄደን እናምጣው» አለች፣ ድምፅዋ ለስልሶ።

«በዓሣ ስብ የተጠበሰ ብረት እዚህ አልሰቅልም፤ ተጣሞም ይሆናል። የኔ ምድጃ ያው ዓይነት ነው፣ የሱን ነቅዬ አመጣለሁ።»

«አንተስ?»

«አዲስ እስኪመጣ አላበራውማ።»

አምጥቶ ሰቀለው፣ እሳቱን ለኮሰና ሄደ። ኢርማ ፊቷን አጨፍግጋ ሸኘችው፤ የእሷን መረብ ንቆ የራሱን ቤት ማብረዱ ከልኩ ያለፈ ግትርነት ሆኖባታል።

በማግስቱ የበዓሉ ቱርክ ዶሮ ከመጋገሪያው ስትወጣ ኤሊ የእናቱን ጉልበት ለቀቀ። አራት እርምጃ ተራመደ። ሁሉም አጨበጨበለት፤ አምስተኛው ላይ ተደናቀፈና በሁለት እጁ እሳቱ ፊት ተደፋ። መረቡ ተንጓጓ። ካሪን ጮኸች።

ኢርማ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ትንንሾቹን መዳፎች ገልብጣ አየቻቸው። ምንም የለባቸውም። ደንግጦ ነበር የሚያለቅሰው። መዳፎቹን እያገላበጠች ሳመች፤ ደጋግማ ሳመች። ታይስቶን ስታማበት በኖረችው በዚያው አፏ።

ማዕድ ቀርቦ እያንዳንዱ የሚያመሰግንበትን ሲናገር የእሷ ተራ ደረሰ። ተነሥታ ስልኩን አነሣች።

«ታይስቶ፣ ምን ለብሰህ ነው የተቀመጥከው?»

«ካፖርት። ምን ሆኑ እትዬ? ልጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ደህና ነው፣ ወንድሜ። ካፖርትህን እንደለበስክ ና። አንተ ሳትመጣ አንበላም።»