ፍል ውሃ ባትሪ ላይ

ዛሬ ጠዋት ጅማ ቤቴ ደጃፍ መኪናዬን ለማስነሳት ቁልፉን ባዞረው «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ያ ድምፅ ይዞኝ አጋሮ፣ የልጅነት ግቢያችን ገባ።

የአባዬ ፒካፕ ቡና እንደጫነ እንዲሁ «ቀጭ» ብሎ ቀረ። አባዬ ወርዶ ታናሽ ወንድሙን ነጂብን አንገቱን አነቀው።

«ራዲዮ ስትሰማ አምሽተህ ባትሪዬን ጨረስከው!»

«ወላሂ አልነካሁም!»

አባዬ ከመኪናው ወንበር ስር ባትሪ ከባትሪ የሚያገናኝበትን ወፍራም ገመድ መዝዞ ጀርባውን፣ ፊቱን ገረፈው። የነጂብ ደም የቡናው ጆንያ ላይ ተንጠባጠበ። እማዬ መሃል ገብታ «ይሄ እጅ አንተን ይገርፍህ የነበረው የአባትህ እጅ ነው!» ብላ አባዬ ላይ ጮኸችበት። እኔ ምኑም አልገባኝም፤ የአባዬን እጅ ትኩር ብዬ አየሁት።

ነጂብ ደሙን በክንዱ ጠርጎ ኮፈኑን ከፈተ። የመኪናው ሽቦ ባትሪው ላይ የታሰረበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል። እማዬ በማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ አፍስሳ ዝገቱን አጠበችው፣ እሱ ሽቦውን መልሶ አጠበቀው፤ መኪናው ባንዴ ተነሳ።

«ግባ» አለ አባዬ፣ ሳያየው።

ነጂብ ግን በእግሩ የጅማን መንገድ ያዘ። ዳግም ደጃችንን አልረገጠም።

ትናንት ማታ መኪናዬ ውስጥ ሙዚቃ ስትሰማ ያመሸችው ልጄ አሁን ወደ ኋላ እያፈገፈገች፣ «እማ፣ እኔ አይደለሁም» አለችኝ።

«ማን ጠየቀሽ የኔ እናት? ይልቅ ማንቆርቆሪያውን አምጪልኝ።»