መርዶ ከደብረጸን

ትሕትና ኃይለ ኢየሱስ ለትምህርት ሃንጋሪ ስትሄድ መንዝ ያለችው የትውልድ መንደሯ የቀየት ሰው ከአገሩ ስም ይልቅ የከተማው ስም አፉ ላይ ቀረ። ከተማው ደብረጸን ይባላል። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ስሙን መጀመሪያ የሰሙ ቀን፣ "ደብር ነው እንዴ? ታቦቱ የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። የፈረንጅ ከተማ መሆኑን ብትነግራቸውም ነገሩ አልተዋጠላቸውም። ከቅዳሴ ሲወጡ የልጅቱን ነገር ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ደብረ ጸን ናት" ይሉታል። ጠያቂውም ገዳም የገባች እየመሰለው "እግዚአብሔር ያጽናት" ብሎ ያልፋል።

ትምህርቷ አስተዳደር ነው። በሦስተኛው ዓመት ተማሪው ሁሉ አንድ ዓመት ሙሉ ቢሮ ገብቶ መሥራት አለበት። ትሕትና ለባንክም ለፋብሪካም አመለከተች፤ የአገሩን ቋንቋ ገና አጥርታ ስለማትናገር የሚወስዳት ጠፋ። በመጨረሻ እዚያው የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘው ቢሮ ተቀበላት። ሥራው አይከብድም። የመኖሪያ ፈቃዱ ሊያልቅበት የደረሰውን ተማሪ ታስታውሳለች፤ ማሞቂያው አልሠራ ያለው ሲያማርር ትሰማለች፤ አዲስ ገቢውን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄዳ ትቀበላለች። የቢሮው ኃላፊ ዩዲት የምትባል፣ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ ምሳዋን እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ የምትበላ ሴት ናት። ዕድሜዋ ከትሕትና እናት ቢበልጥም በስሟ ብቻ እንድትጠራት በመጀመሪያው ቀን ነገረቻት። ትሕትና ይህን ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ፈጅቶባታል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ዩዲት ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ስልክ ታነጋግራለች። ስልኩን ስትዘጋ በሩን እንድትዘጋው በእጇ አመለከተቻት።

"በዕውቀቱ የሚባለውን ተማሪ ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ። የአገሬ ልጅ ነው።"

"ዛሬ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው ይላሉ።"

በዕውቀቱ የመርሐቤቴ ልጅ፣ የዓለም ከተማ ተወላጅ ነው። በእርሻ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ትሕትና የምታውቀው ለጉዳይ ቢሮ ሲመጣ ነው፤ አብራው ሻይ እንኳ ጠጥታ አታውቅም። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

ዩዲት ኮቷን አወለቀችና አጠገቧ ተቀመጠች። "የእናቱ ስልክ ፋይሉ ውስጥ አለ" አለች። "እንግሊዝኛ አይችሉም፤ ስለዚህ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ። እኔ ከአጠገብሽ አልለይም።"

"በስልክ አይነገርም።"

"እንዴት?"

"እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ነው የሚረዳው። እናቱ ነጋዴ ናቸው፤ ቢሮ ሲመጣ ነግሮኛል። አሁን ብደውል ገበያ መሐል ይሁኑ፣ መንገድ ላይ ይሁኑ አላውቅም። ብቻቸውን ቢሆኑስ?"

"የእኔ ልጅ ቢሆን" አለች ዩዲት፣ "በዚችው ደቂቃ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ሳላውቅ የምቆይበት ሰዓት እንዲኖር አልፈልግም።"

ለትሕትና የዩዲት ነገር እውነት መሰላት። የራሷም እውነት መሰላት። ዩዲት ተነሥታ ጊዜ እንዲሰጧቸው ልትለምን ወደ አለቆቿ ሄደች፤ ስትመለስ ፊቷ ደክሟል።

"እስከ ሐሙስ ጠዋት" አለች። "ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው የኀዘን መግለጫ ያወጣል። እኔ ላስቆመው አልችልም።"

ትሕትና ኮሪደር ወጥታ ቀየት ደወለች። መሪጌታ ከገብስ ክምራቸው አጠገብ ነበሩ፤ ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"አባባ፣ ዓለም ከተማ የሚያውቁት ሰው አለ?"

"አለ እንጂ። ቄስ መርስዔ ኃዘን አሉ። ቅኔ አብረን ነው የቆጠርነው። ምነው?"

ነገረቻቸው። ለዩዲት መርዶ በስልክ አይነገርም ያለቻትንም ጨመረችላቸው።

"ልጅ እግር ነው?"

"ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው።"

"ነፍሱን ይማር። እናቱስ ማን ይባላሉ?"

"ወይዘሮ ወሰንየለሽ። ጤፍና ማሾ ነው የሚነግዱት። አባትየው የሉም። እንግዲህ ለቄስ መርስዔ ኃዘን ይደውሉላቸውና..."

"ቆይ እስቲ" አሉ መሪጌታ። "መርዶ በስልክ አይነገርም ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ታዲያ ለነጋሪው በስልክ ንገሩት ትይኛለሽ? እኔው ሄጄ አገኛቸዋለሁ።"

"መንገዱ እኮ ሩቅ ነው አባባ።"

"ሩቅ ነው" አሉና ዘጉት።

በዚያው ከሰዓት መሪጌታ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተሳፈሩ። አዳራቸውን ደብረ ብርሃን አድርገው ረቡዕ ማለዳ ወደ መርሐቤቴ ቀጠሉ። የዠማን ወንዝ ቁልቁለት ጀምረው ሳለ ጎማ ፈነዳና ትርፍ ጎማ ከኋላ በሚመጣ መኪና እስኪደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። መሪጌታ ከማን ቤት እንደሚሄዱ የሚጠይቃቸው አልጠፋም። "ከጓደኛዬ ዘንድ ነው" ይሉ ነበር። ሐሰት አልነበረም።

ትሕትና በበኩሏ ከተማው ውስጥ ላሉት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንድ በአንድ ደወለች። ማንም የበዕውቀቱን ስም የትም እንዳይጽፍ፣ ፎቶውን እንዳይለጥፍ ለመነች። ሁሉም እሺ አሏት። ሲና የምትባል ተማሪ ግን ጥሪው ሳይደርሳት በፊት የሻማ ሥዕል ከስሙ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፋ ኖሯል። ትሕትና አይታ ስትደውልላት ልጅቷ እያለቀሰች አጠፋችው። ማን አይቶት እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ አልነበረም።

ረቡዕ የዶርሙ ጠባቂ የልጁን ኮምፒውተርና ስልክ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ቢሮ አመጣ። ዩዲት ተረክባ ከትሕትና ጠረጴዛ ዳር አኖረችው። ከምሳ በኋላ ስልኩ ጠራ። በላስቲኩ ውስጥ "እማዬ" የሚለው ጽሑፍ ይበራል።

ዩዲት ፊደሉን አታነብም። "ማን ነው?" አለች።

"እናቱ።"

ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ጠራ። ትሕትና እጇን ዘርግታ ልትዘጋው ስትል ዩዲት ያዘቻት። "ከዘጋሽው የባሰ ይጠረጥራሉ" አለች። ትሕትና ከረጢቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያው ውስጥም ይነዝር ጀመር። ሁለቱ ሴቶች ወደየኮምፒውተራቸው ዞረው የሚሠሩ መሰሉ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ አንድ ተማሪ ገባ፤ ትሕትና ምን ምን ማምጣት እንዳለበት ነገረችው፤ ልጁ መሳቢያውን እያየ "ስልክሽ ይጠራል" አላት። "አውቃለሁ" አለችው።

ወደ ማምሻው ስልኩ ዝም አለ። እናቱ ደክሟቸው ይሁን ባትሪው አልቆ፣ መሳቢያውን ከፍቶ ያየ የለም።

ሐሙስ ጠዋት መሪጌታ ደወሉ። ድምፃቸው ሻክሯል።

"ተረድተዋል" አሉ። "ጎህ ሲቀድ ሄድን። ቄስ መርስዔ ኃዘን፣ የወይዘሮ ወሰንየለሽ ወንድም አቶ ጫኔ፣ የዕድር ሰዎች፣ ጎረቤቶቻቸው፤ ብዙ ሰው ነበር። ሴቶቹ በሁለት ወገን ያዟቸው።"

"እንዴት ሆኑ?"

"በሩን የከፈቱልን ለብሰው ነው ልጄ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። 'ልጄ ነው፣ አይደለም?' አሉ፤ ገና እግራችን ደጃፉን ሳይረግጥ። ስልክ ሳያነሣላቸው ውሎ አያውቅም ኖሯል። ሌሊቱን ተቀምጠው አድረዋል።"

ትሕትና ይህንን ለዩዲት ሳትቀንስ ነገረቻት። ዩዲት ሰምታ ስታበቃ፣ "ሲሰሙት ግን ብቻቸውን አልነበሩም?" ብላ ጠየቀች።

"አልነበሩም።"

"ደግ" አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። የትኛዋ ልክ እንደነበረች ከዚያ በኋላ አላነሡትም።

የቀረው ሥራ ረጅም ነበር። አስከሬኑን ለመሸኘት የሆስፒታሉ፣ የኤምባሲው፣ የአየር መንገዱ ጉዳይ አለ፤ ዩዲት በሮቹን ታንኳኳለች፣ ትሕትና ለአቶ ጫኔ በአማርኛ ታስረዳለች። አቶ ጫኔ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ቁጡ ሰው ናቸው፣ አንድ ሁለቴም ጮኸውባታል። በዕውቀቱ የተቀበረው የገና ጾም ሳይፈታ፣ ዓለም ከተማ ነው። ትሕትና ዓመቱን እዚያው ቢሮ ጨረሰች። ጥር ላይ አዲስ ገቢዎችን ተቀበለች፤ የሚያሞካሽ ምስክርነትም ተጻፈላት።

ነሐሴ ላይ አገር ቤት መጣች። ከፍልሰታ በኋላ አባቷን፣ "ዓለም ከተማ ይውሰዱኝ" አለቻቸው። መሪጌታ ለምን ሳይሏት ተነሡ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አጭር፣ ደርባባ፣ እጃቸው ሥራ የማይፈታ ሴት ናቸው። እህል የሞላበት ክፍል ውስጥ ከጆንያዎቹ አጠገብ አስቀመጧቸው። ለመሪጌታ ጠላ፣ ለትሕትና ለስላሳ አስመጡ። መሪጌታ ጸሎት አድርሰው ቄስ መርስዔ ኃዘንን ለመጠየቅ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"ጓደኛሽ ነበር?" አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።

"አልነበረም እማማ። ቢሮ ሲመጣ ነው የማውቀው።"

"ምን ሊል ይመጣ ነበር?"

ትሕትና ያላትን ነገረቻቸው። አብሮት የሚኖረው ልጅ በክረምት መስኮት ከፍቶ ስለሚተኛ ክፍል ይቀየርልኝ ሊል መጥቶ ነበር። እሷ የመንዝ ልጅ መሆኗን ሲሰማ፣ "አንቺማ የኔ ብርድ አይገባሽም፣ ሌላ ሰው ይታይልኝ" ብሏታል። ወይዘሮ ወሰንየለሽ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። "ብርድ አይችልም" አሉ። "ከልጅነቱም አይችልም።"

ሳቃቸው ሲያበቃ ጠየቁ።

"ያን ቀን ስደውል ስልኩ የት ነበር?"

ትሕትና ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር የመጣችው። "እኔ ጠረጴዛ ላይ" አለች። "ሲጠራ አጠገቡ ነበርኩ።"

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከጆንያው አፍ ማሾ በመዳፋቸው አፍሰው መልሰው ለቀቁት።

"ብታነሺው ምን ትይኝ ነበር?"

"አላውቅም እማማ።"

"እኔም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ምን እንድትይኝ እንደምፈልግ አላውቅም።" ተነሥተው ወደ ጓዳ ሄዱና ምሳ ይዘው መጡ። እስክትጠግብ ከፊቷ አልተነሡም። ሲሸኟት ግንባሯን ሳሟት፤ ለመሪጌታ ደግሞ እምቢ ቢሉም ማሾ አስይዘዋቸዋል።

በመልሱ መንገድ አውቶቡሱ ዠማን ተሻግሮ አቀበቱን ሲይዝ ጭቃው ያንሸራትት ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨብጧል። ትሕትና ለአባቷ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ ያ ቢሮ ሊቀጥራት እንደሚፈልግ ነገረቻቸው።

"ምን ልትሠሪ?" አሉ መሪጌታ።

"ያንኑ።"

መሪጌታ ከመስኮቱ ውጭ ገደሉን አዩት፤ መልሰው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ይከብዳል" አሉ። "ግን ሰው ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። የሚያውቅበት ሰው ቢኖር ይሻላል።"

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አደረገ። ዝናቡ እስኪያባራ እዚያው ቆሙ። ትሕትና መስከረም ላይ ተመልሳ ሄደች፤ ትምህርቷን እንደጨረሰችም ሥራውን ተቀበለች።