አበዛሽና ቡናማው ስፖንጅ

የአበዛሽ ስልክ የአውራ ጣቷን አሻራ አይቀበልም። ሌላው ሰው የራሱን ስልክ ጣቱን አስነክቶ ሲከፍት፣ የእሷ ግን ሦስት አራት ጊዜ እምቢ ይልና የይለፍ ቁጥር ይጠይቃታል። ከጣቷ ጫፍ ላይ ሰውን ከሰው የሚለየው ያ ቀጭን መስመር ጠፍቷል። አስራ ዘጠኝ ዓመት በሆስፒታል ጽዳት ስትሠራ፣ በረኪናና ስማቸውን አንብባ የማታውቃቸው ሌሎች ፈሳሾች አጥበው ወስደውታል።

እሷ በዚህ አታዝንም። ተላላፊ በሽታ ያለበት ታካሚ ከክፍሉ ሲወጣ የምትጠራው እሷ ናት። የአልጋውን ብረት፣ የበሩን እጀታ፣ ሌላው የሚረሳውን የመጋረጃ ገመድ ሳይቀር ትፈትጋለች። እሷ ካለፈች በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አይቀርም።

ከአገር ርቀው፣ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው ከባሏ ከፍቅረ ሥላሴና ከባሏ ታላቅ እህት ከእትዬ ተናኘ ጋር ትኖራለች። ትዳራቸው አስራ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ልጅ አልወለዱም። ተናኘ ይህን ነገር በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ዙሪያውን ነው የምትዞረው። ባለፈው ዓመት ያመጣችው የቤት ተክል በሦስት ሳምንት ደረቀ፤ አበዛሽ ቅጠሉን በየቀኑ በሳሙና ትወለውለው ነበር። ተናኘ የደረቀውን ተክል ወደ ቆሻሻ መጣያ እየወሰደች፣

«ያንቺ እጅ ማጽዳት ነው የሚያውቀው» አለች። «ማብቀልማ የት ያውቅና!»

ፍቅረ ሥላሴ ሶፋው ላይ ስልኩን ያያል። ቀና አላለም።

በዚያው ሳምንት ከሆስፒታሉ የምትለቅ አንዲት ነርስ፣ ባዶ የአሣ ማሳደጊያ የመስታወት ገንዳ ከነማጣሪያውና ከነመብራቱ ኮሪደሩ ላይ ትታ «የፈለገ ይውሰደው» የሚል ወረቀት ለጠፈችበት። አርባ ሊትር ያህል ይይዛል። አበዛሽ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋ አመጣችውና ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ተናኘ።

«ቅጠልና አሣ ላሳድግበት ነው።»

«ማን? አንቺ?»

«እኔ፤ እትዬ ተናኘ ያያሉ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። እዚያ መስታወት ውስጥ አንድ ነገር በሕይወት ካልቆየ፣ ተናኘ ዙሪያውን የምትዞረው ነገር እውነት ሊሆን ነው።

ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር ያለችው የአሣ ሱቅ ከአንድ መኝታ ክፍል አትሰፋም። ባለቤቱ ገብረሂወት አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ጀማሪ ደንበኛ ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው።

«አሣ ፈልጌ ነበር።»

«ሳይክል አድርገሻል?»

«የለም፣ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።»

ገብረሂወት አልሳቀም። «አንቺን አይደለም ያልኩት፣ ገንዳውን ነው። ስሚ፣ የአሣ ቆሻሻ ውሃውን መርዝ ያደርገዋል፤ መርዙን የሚበላ ባክቴሪያ ደግሞ አለ። እሱ ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ እስኪራባ አምስት ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ሳይክል የምለው ይህን ነው፤ ከዚያ በፊት ለማንም አሣ አልሸጥም።»

«ባክቴሪያ?» አለች አበዛሽ። «አስራ ዘጠኝ ዓመት የገደልኩትን አሁን ላርባው?»

«ካልፈለግሽ እዚያ ጥግ የፕላስቲክ አሣ አለ። አይሞትም፣ አይበላም፣ ላንቺ ይሆናል።»

ጥርሷን ነክሳ ቆመችና የሚላትን ሁሉ ሰማች። ኬሚካሉ እንዲወጣለት የቧንቧውን ውሃ በባልዲ አሳድሪው። ይህን ቅጠለ ወፍራም ተክል አሸዋ ውስጥ አትቅበሪው፣ በክር እንጨት ላይ እሰሪው። በየቀኑ ቁንጥር የአሣ ምግብ ባዶው ውሃ ላይ ጣይና ይበስብስ።

«ስፖንጁ ቡናማ ሲሆን ጥሩ ነው ማለት ነው» አላት ሲጨርስ። «ከተደፈነ፣ ከራሱ ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ማድረግ ነው፣ በቃ። ሳሙና የለም፤ ቧንቧ የለም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«አልገባሽም፤ ፊትሽ ላይ አያለሁ።»

አበዛሽ ቤት ገብታ የተባለችውን አደረገች። አሸዋውን ውሃው እስኪጠራ አጠበች፤ ተክሉን በጥቁር የልብስ ክር እንጨቱ ላይ አሰረች፤ ውሃውን እንዳይናጥ በሳህን ላይ አንቆረቆረች። በየማለዳው ሥራ ከመሄዷ በፊት ምግብ ቆንጥራ አሣ የሌለበት ውሃ ላይ ስትበትን፣ ተናኘ ሻይዋን ይዛ ትመለከታታለች።

«ለማን ነው የምታበዪው? ለመንፈስ?»

አንዳንድ ቀን ደግሞ ለሚደውልላት ሰው ጮክ ብላ፣ «አዎ፣ አበዛሽ ደህና ናት። ውሃ ትቀልባለች» ትላለች።

በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ወተት መሰለ፤ በሦስተኛው መስታወቱን ቡናማ አቧራ ለበሰው። አበዛሽ ጨርቅ አንስታ መልሳ አስቀመጠች፤ እጇን በጉያዋ ከታ ቆመች። ቆሻሻ እያዩ ዝም ማለት እንዲህ ጉልበት ይጠይቃል ብላ አስባ አታውቅም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መብራቱ በርቶ ሳለ፣ ከቅጠሉ ጫፍ ላይ የመርፌ ራስ የምታህል የአየር እንክብል ብቅ አለች። እንክብሏ አበጠች፣ ብር መሰለች፣ ተላቀቀችና ወደ ላይ ተምዘገዘገች። ሌላዋ ተከተለች። አበዛሽ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች። ቅጠሉ ይተነፍሳል! የቅጠል ትንፋሽ በዓይን ይታያል ብሎ ማንም ነግሯት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ገብረሂወት እያጉረመረመ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባቸው፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ስድስት አሣዎች ሸጠላት። ሦስት ሳምንት ኖሩ። ተናኘ ሦስቱንም ሳምንት ወደ ገንዳው ሳታይ አለፈች።

ከዚያ በየአባሉ ቤት የሚዞረው የጽዋ ማኅበር ተራ እነሱ ጋ ደረሰ። ቅዳሜ ሠላሳ ሰው ይመጣል። አርብ ከሰዓት በኋላ አበዛሽ ምንጣፉን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ መስኮቱን አጽድታ ስትጨርስ ተናኘ ገንዳው አጠገብ ቆማ ነበር፤ በጣቷ ስፖንጁን አሳየቻት። ስፖንጁ የጭቃ ቀለም ይዟል።

«ይሄን ሰው ፊት ልታቆሚው ነው? የሚያዩሽ እኮ ‹ጽዳት ሠራተኛ ናት› ብለው ነው።»

ነገሩ አበዛሽ ውስጥ ገባ። ማኅበርተኛው ሲገባ፣ ከበሩ ጀምሮ ሁሉም ሲያበራ፣ መሐል ሳሎን ላይ አንድ የቆሸሸ ነገር የእሷ ስም ተጽፎበት ሊቆም ነው። እጇ ከራሷ ቀደመ። ስፖንጁን አውጥታ ማጠቢያው ውስጥ ከተተችው፤ ሙቅ ውሃ ከፈተች፤ በረኪና አፈሰሰች። ቡናማው ሲወርድ ደስ አላት። ሽታው እስኪጠፋ ደጋግማ አለቀለቀችው። ነጭ አድርጋ መለሰችው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ጋሽ ይርጉ ጸሎቱን አሳርገው ተቀመጡና ወደ ገንዳው አዘነበሉ።

«ልጄ አበዛሽ፣ እነዚህ ምን ሆነዋል? አፋቸውን ወደ ላይ ይከፍታሉ እኮ።»

ውሃው ደመና ለብሷል። አምስቱ አሣዎች ውሃው ፊት ላይ ተሰብስበው አየር ያላምጣሉ፤ ስድስተኛው በጎኑ ተኝቷል።

«ምን ይሁኑ ብለው ነው!» አለች ተናኘ፣ እንጀራ እያዞረች። «አልነገርኩም? ከእሷ እጅ ምን ይኖራል?»

ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ስለ አሣ እንዳልተወራ ገብቶታል። አንዲት ሴት ሳህኗን ማየት ጀመረች። ፍቅረ ሥላሴም ሳህኑን ያያል።

አበዛሽ ወጥ ቤት ገብታ ደወለች።

«ስፖንጁን ምን አደረግሽው?» አለ ገብረሂወት፣ ገና ሳትጨርስ።

«አጠብኩት።»

«በምን?»

አበዛሽ በወጥ ቤቱ በር በኩል ገንዳውን አየች።

«በምን አልኩሽ!»

«በበረኪና።»

«ባክቴሪያው አልቋል፤ ገንዳው ሞቷል» አለ። «አሣዎቹን ባደረ ውሃ ይዘሻቸው ነይ፤ እኔ ጋ ይቆያሉ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እዘጋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አልጠብቅሽም።»

ክዳን ያለውን የሰላጣ ሳህን ባደረ ውሃ ሞልታ፣ የሻይ ማጥለያውን ይዛ ወደ ሳሎን ተመለሰች። ነጠላዋን ወንበር ላይ ጣለች፤ የሐበሻ ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች። አሣዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ውሃው ቀሚሷ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የጋሽ ይርጉ ጫማ ላይ ተንጠባጠበ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሰው ፊት!» ተናኘ ድምጿን አፍና ጮኸች። «ገና ለሁሉም ወጥ አልደረሰም! ማን ሊያስተናግድ ነው?»

«እርስዎ።»

«እኔ?»

«ጋሽ ይርጉ፣ ለዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» አለች አበዛሽ፣ ክዳኑን እየገጠመች። «የሚያኖራቸውን ቆሻሻ አጠብኩባቸው። ግን እትዬ ተናኘ፣ ሦስት ሳምንት በዚሁ እጅ ኖረዋል። እሱንም ለሰው ይንገሩልኝ።»

ፍቅረ ሥላሴ እስከ በሩ ተከተላት። «አቤዝ፣ ቆይ እንጂ። ሰውን ልሸኝና በመኪና አደርስሻለሁ፣ ኦኬ? አሣ እኮ ነው።»

«አምስት ናቸው» አለችው። «አንዱ ሞቷል፤ አምስት ቀርተዋል።»

ኮት አልያዘችም። ውጪ ካፊያ ነበር። ሳህኑን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ደግፋ፣ እርጥብ ቀሚሷ እግሯ ላይ እየተጣበቀ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቀች ቁልቁለቱን ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወረደች። ተናኘ ከበሩ ላይ ሆና ስሟን ጠራች። አሁንም ጠራች። አበዛሽ ዞር ብትል ውሃው ይናጥባት ነበር።